ዘር ጠያቂዋ ነርስ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በኬክ ሸኙኝ። ዕድሜዬን በስኳር ሕመምተኞች ክትትል ክፍል የጨረስኩትን ሴትዮ፣ «ጣፋጭ ተዉ፣ ለስላሳ ተዉ» እያልኩ ምላሴ የደረቀውን፣ ክሬም የተለሰነ ትልቅ ኬክ አስቆረሱኝ። ጋቢም አለበሱኝ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ንግግር ሲያደርግ «ሲስተር አስካለች» እያለ አሞገሰኝ። ስሜ አስናቀች ነው። ማንም አላረመውም። አስካለች በክብር ተሸኘች፣ አስናቀች ደግሞ ጋቢዋን በፌስታል ይዛ በሚኒባስ ፉሪ ወደሚገኘው ቤቷ ገባች።

«ሲስተር፣ ትዝታሽን ጻፊው» የሚሉኝ ሰዎች ትዝታ ማለት የሚያስቅ ነገር ይመስላቸዋል። እኔ ዘንድ ያለው ብዙው ምሬት ነው። ደሞዙን አላነሳም፣ ሲነሳም ያፍራል። የማነሳው አንድ ጥያቄን ነው። ሙሉ የሥራ ዘመኔን ያንን ጥያቄ ስጠይቅ ኖሬ፣ ጥያቄው በእጄ ላይ ተበላሸ።

የመጀመሪያ ምድቤ ሱሉልታ ነበር። ያኔ ሜዳው ገና በግንብ አልታጠረም፣ ክረምት ሲሆን ውሃ ይተኛበታል፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። አለቃዬ ጋሽ ፈይሳ የሚባሉ ጤና መኮንን ነበሩ። ገበሬዎቹ ኦቦ ፈይሳ ይሏቸዋል። በጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው በሽተኛ ማየት አይወዱም። ተነስተው አግዳሚው ላይ ከሰውየው ጎን ይቀመጡና «አካም ቡልተን?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ካሉት በኋላ ስለ ከብቱ፣ ስለ ድርቆሹ ዋጋ ወሬ ይጀምራሉ። ዓይናቸው ግን የሰውየው ጫማ ላይ ነው። እግሩ አብጦ አልገባ ብሎት ጫማው ተረከዙ ተረግጦ እንደ ሸበጥ ከሆነ ጎንበስ ብለው ቅልጥሙ ላይ አውራ ጣታቸውን ይጫኑና ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ጣታቸውን ሲያነሱ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል ወይስ ይቆያል፣ እሱን ነው የሚጠብቁት። ገበሬው ስለ በሬው ሲያወራ ጋሽ ፈይሳ ስለ ኩላሊቱ እየሰሙ ነው።

ሽንት መመርመርን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ስትሪፕ የሚባለው ባለ ቀለም ወረቀት በማይገኝበት ጊዜ ሽንቱን በመስታወት ቱቦ ይዘን በኩራዝ መሳይ የአልኮል መብራት ላይ የላይኛውን ግማሽ ብቻ እናሞቃለን። ከዚያ ትንሽ አሲድ ጠብ ማድረግ ነው። ታችኛው ግማሽ ጠርቶ ላይኛው እንደ እንቁላል ነጭ ከደፈረሰ ፕሮቲን እየፈሰሰ ነው ማለት ነው፣ ኩላሊት ማጣራቱን ትቷል። ስትሪፑ ከመጣ በኋላም ቁጣቸው አልቀረልኝም። «የብልቃጡን ክዳን ክፈቺና ተዪው! የሱሉልታ እርጥበት በነፃ ያንብብልሽ!» ይሉኛል። ጤዛ ከነካው ቀለሙ ይዋሻል።

አንድ ነገር ግን በምንም ዕቃ አይለካም። ስኳር የያዘው ሰው ሁሉ ኩላሊቱ አይጎዳም። ሁለት ሰዎች እኩል ጊዜ ታመው፣ እኩል መድኃኒት ውጠው፣ አንዱ ሽንቱ ንጹሕ እንደሆነ ሲያረጅ ሌላው ገና በጉልምስናው አብጦ ይሞታል። ጋሽ ፈይሳ «የቀረውን ሰውየው ከእናት ከአባቱ ይዞት መጥቷል» ይላሉ። በኋላ የሠለጠኑት ሐኪሞች ጂን እያሉ አስረዱኝ። አንድ ሳይሆን ብዙ ጥቃቅን ውርሶች ተደማምረው፣ የደም ግፊቱና ስኳሩ ሲጨመርበት ነው አሉኝ። እኛ ጋ ግን ይህን የሚያነብ መሣሪያ የለም። ያለን አፍ ነው። ስትሪፑም ለሁሉም አይዳረስም። ስለዚህ ቤተሰቡ ውስጥ በዚህ በሽታ የሞተ ያለበትን ሰው ለይተን በየቀጠሮው ሽንቱን እናያለን፣ ኩላሊት የሚጠብቀውን የግፊት ኪኒንም ቶሎ እናስጀምረዋለን። ለሌላው ተራው ሲደርስ ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። እኛ አገር «ኩላሊቴን አመመኝ» ያለ ሰው ወይ ወገቡን ነው፣ ወይ ሽንቱን አቃጥሎታል፣ ወይ ብርድ መትቶታል። እውነተኛው የኩላሊት ድካም ደግሞ አያምም፣ ሳይናገር ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ «ቤታችሁ የኩላሊት በሽታ አለ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። ጋሽ ፈይሳ ኩላሊት የሚለውን ቃል አንዴም ሲጠሩ አልሰማሁም። ሽማግሌውን እንደ ጋብቻ ሽማግሌ ሰባት ቤት ያስቆጥሩታል። አባትህ ማን ነበሩ፣ አባታቸውስ፣ አጎትህስ፣ በምን አለፉ፣ ሲያልፉ ከሲታ ነበሩ ወይስ አብጠው? ሽማግሌው ዘሩን መቁጠር ስለሚኮራበት ደስ ብሎት ይቆጥራል፣ ሙታኑ አንድ በአንድ መጥተው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ያኔ ዘር መጠየቅ ክብር ነበር። ወጣቶች አሁን ይህን ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል።

ከሱሉልታ ወደ ቡራዩ ተዛወርኩ። የዘመኑ አየር የተለወጠው እዚያ እያለሁ ነው። ዘር የሚለው ቃል ከእህልና ከቤተሰብ ወጥቶ ሌላ ነገር ሆነ። ሰው ታክሲ ውስጥ አነጋገርህን ሰምቶ ከየት እንደሆንክ የሚመዝንበት ጊዜ መጣ። እኔም ጥያቄዬን ለዘብ አደረግኩ፣ «ዘራችሁ» ማለት ትቼ «ቤታችሁ»፣ «እነ አባባ» ማለት ጀመርኩ።

ያኔ ነው ጀማልን ያወቅኩት። ጀማል የቀለም፣ የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነበር። አባቱ ሞተው ሱቁንም ቤተሰቡንም የያዘው እሱ ነው፤ እናቱ፣ እህቱ ዘሃራ፣ ታናሽ ወንድሙ አንዋር ሁሉም በእሱ ላይ ነበሩ። በዚያ ክፉ ጊዜ የሱቁን መስታወት ሰብረውበታል። ማን እንደሰበረው አይናገርም፣ ለምን እንደሰበሩት ግን ያውቃል። ስኳር እንዳለበት በሌላ ቦታ ተነግሮት ክትትል ሊጀምር ወደ እኛ መጣ።

አዲሱ ኃላፊያችን ወጣት ዶክተር ነበር። ክፉ አልነበረም፣ ችኩል ነበር። ከበላይ የወረደ አዲስ ቅጽ ነበርና ራሱ ሊሞላ ተቀመጠ። ቅጹ ላይ በዘር የሚተላለፍ በሽታ በቤተሰብ ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚጠይቅ ቦታ አለ። ያዘጋጀው ሰው መስመሩ አልበቃው ብሎ አሳጥሮ «ዘር» ብቻ ብሎታል።

እኔ መስኮቱ ጋ የጀማል ሽንት ውስጥ ስትሪፕ እየነከርኩ ነበር።

«ስም?» አለ ዶክተሩ። ጀማል ነገረው።

«ዕድሜ?» ነገረው።

«ዘር?»

ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። ጀማል «ምን አሉኝ?» አለ።

«ዘር። ዘርህን ነው የምጠይቅህ። ቶሎ በል፣ ሰው ቆሟል» አለ ዶክተሩ፣ ቀና ሳይል።

«አይ፣ ዶክተር ማለት የፈለጉት…» ብዬ አፌን ስከፍት ጀማል ተነስቷል። ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ። «እኔ ስኳሬን ልለካ ነበር የመጣሁት» ብሎ ወጣ። እጄ ላይ ያለው ስትሪፕ አረንጓዴ እየሆነ ነበር። ፕሮቲን መፍሰስ ጀምሯል፤ ገና ፈዘዝ ያለ ነው፣ ጅምር ነው። ያንን ቀለም ሳይ ብዙ ጊዜ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት የመጣ ሰው ይተርፋል። ስትሪፑን ይዤ እስከ በሩ ሮጥኩ፣ እሱ ባጃጅ ይዞ ሄዷል።

ዶክተሩን ስቆጣው «እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት» አለኝ። እውነቱን ነው። በዚህች አገር ስንት ሰው የተጻፈውን እያነበበ ስንት ሰው አጠፋ!

ሱቁ ድረስ ሄድኩ። አንዋር ሚስማር ይመዝናል፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት ነበር። ጀማል ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ፣ ውሃም አስከፈተልኝ። ንዴቱን በአክብሮት ሸፍኖት ስለነበር ከስድብ በላይ ተሰማኝ።

«ጀማል፣ የአባትህን ሕመም ነው የጠየቀህ» አልኩት።

«እንደዚያ አላለም፣ ሲስተር።»

«ቅጹ ነው የተበላሸው። ሽንትህ ላይ ነገር አይቻለሁ፣ ተመለስና መድኃኒት ጀምር። እኔ ራሴ ነኝ የማይህ።»

«እርስዎን አልጠላም» አለ። «ግን ዘሬን መንገድ ላይ ጠየቁኝ፣ መታወቂያዬ ላይ ፈለጉት፣ አሁን ደግሞ ከሽንቴ ጋር ሊወስዱት ነው? ዘሩን ከፈለጉ ሰው ነው ይበሉልኝ። እንደዚያ ብለው ይጻፉት።»

ሌላ ቀንም ሄድኩ። ውሃ አስከፈተልኝ፣ አመሰገነኝ፣ አልመጣም አለኝ።

የመጨረሻ ምድቤ ሰበታ ሆነ። ዓመታት አለፉ። አንድ ጠዋት ጀማል በክፍሌ በር ገባ፤ የቡራዩን ሱቅ ሸጦ ሰበታ ከፍቶ ነበር። ሰላምታውን ሳልመልስ እግሩን አየሁ። ያን የሚያህል ባለ ሀብት ጫማውን ረግጦ ተጫምቷል። ፊቱ ገርጥቷል፣ ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይላል። ቅልጥሙን ስጫነው አውራ ጣቴ ሰመጠ፣ ጉድጓዱም እንዳለ ቀረ።

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አልኩት፤ ጮኽኩበት ማለት ይሻላል።

«ስታከም ነበር። ኩላሊቴን ስላመመኝ መርፌ እወጋ ነበር።»

ወገቡን ነው። ወገቡን ባመመው ቁጥር ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እየተወጋ፣ ኩላሊቱን ያከመ መስሎት የቀረውን ኩላሊት ሲጨርስ ኖሯል። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በሥራ ላይ ሳለቅስ ያየኝ በሽተኛ እሱ ብቻ ነው። «ሲስተር፣ ኧረ እኔ አለሁ!» እያለ አጽናናኝ።

በዚያው ሳምንት እነ ጀማል ቤት ሄድኩ። እናታቸው እትዬ ከድጃ አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ተቀበሉኝ።

«አባታቸው በምን አለፉ?» አልኳቸው።

«በእብጠት ነው፣ ልጄ። ስኳሩ ኖሮበት ኖሮበት፣ በመጨረሻ ውሃ ሞላው። እህቱም እንደዚያው ሆና ነው የሞተችው፣ አላህ ይዘንላቸው።»

«ይህን ለሐኪም ነግራችሁ ታውቃላችሁ?»

«ጠይቀውኛል እኮ! የኩላሊት በሽታ ነበረበት ወይ ሲሉኝ፣ ኧረ በፍጹም አልኩ። ወላሂ ኩላሊቱስ ጤነኛ ነበር፣ አንድ ቀን ወገቤን ብሎ አያውቅም።»



ጀማል አዲስ አበባ እየተመላለሰ የኩላሊት እጥበት ጀመረ። የእጥበትን ወጪ የማያውቅ ሰው አይጠይቀኝ፣ ሱቁን ከቆርቆሮው ጀምሮ በላው። መውጫው ንቅለ ተከላ ነው። ለዚያ ደግሞ ኩላሊቱን የሚሰጠው ዘመድ መሆን አለበት። ለሌላው ቤተሰብ ይህ ጥሩ ሕግ ነው። ለእነ ጀማል ግን ዘመድ ማለት ያንኑ አባት የሚጋራ ማለት ነው። እናቱን ዕድሜያቸው አይፈቅድም። ዘሃራ ልስጥ ብላ ስትመረመር ስኳሩ እሷም ላይ ተገኘ፣ ሽንቷም ላይ ፕሮቲን ጀማምሯል። ወንድሟን ልታድን ሄዳ የራሷን በሽታ ይዛ ተመለሰች። አንዋር ቀረ።

አንዋር አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ሲስተር፣ ሐኪሞቹ የነገሩኝን ጀማል ከጠየቀዎት እንዳይነግሩብኝ።»

«ምን ነገሩህ?»

«ኩላሊትህ ንጹሕ ነው፣ ስኳርም የለብህም፣ ግን አባትህ፣ ወንድምህ፣ እህትህ እንዲህ ሆነው አንተ ነገ ላለመታመምህ ዋስትና የለም፣ በአንድ ኩላሊት ከያዘህ ደግሞ ይከፋል አሉኝ። አስበህ ወስን አሉ። እኔ ወስኛለሁ። ቤት ግን ንጹሕ ነህ አሉኝ ብቻ ነው ያልኩት።»

«ቁርጡን የሚናገር ምርመራ የለም አሉህ?»

«የለም። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል ነው የሚሉት።» ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። «ሲስተር፣ ምናልባት ለሚባል ነገር ወንድሜን ልቅበር?»

«ሄጄ አልነግረውም» አልኩት፣ «ከጠየቀኝ ግን አልዋሸውም።»

ጀማል ጠየቀኝ። ለግፊት መለኪያ እጁን ዘርግቶልኝ ሳለ ነው። «አንዋር ቢሰጠኝ፣ ነገ እንደኔ ይሆናል?»

«አላውቅም፣ ጀማል። ማንም አያውቅም።»

«የሚያውቁትን አልጠየቅኩዎትም» አለ። «የሚፈሩትን ነው።»

ስለ ሁለት ነገር ባስብ አልፈራም ማለት እችል ነበር። አንደኛ፣ አንዋር ሙሉ ሰው ነው፣ ወስኗል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ውስጥም ሳይነካው የሚያረጅ አለ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እጁን ይዤ፣ የአባቱን እብጠት፣ የአክስቱን፣ የዘሃራን ስትሪፕ እያሰብኩ እንዴት ልበለው?

«እፈራለሁ» አልኩት።

እጁን አልሰበሰበም። ግፊቱን ለክቼ እስክጨርስ ጠበቀኝ፣ ቁጥሩንም ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ከዚያ «ይበቃል» አለ። ማታውኑ ለቤተሰቡ «ሲስተርም ይፈራሉ፣ የወንድሜን ኩላሊት አልቀበልም» ብሎ ነገራቸው። ሽማግሌ ገባ፣ የመስጊዱ ሼኽ መጡ፣ እናቱ እግሩ ላይ ወደቁ፣ አንዋር ለምኖት ለምኖት በመጨረሻ ተጣሉ። ጀማል ፈገግ እያለ «እጥበቱ ይበቃኛል» ይላል። አልበቃውም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ለቅሶ ስደርስ ድንኳኑ ሙሉ ነበር። አንዋር ወንዶቹ መካከል ተቀምጦ ሲያየኝ ተነስቶ መጣ። ካወቀኝ ጀምሮ «እርስዎ» ሲለኝ የኖረ ልጅ ያን ዕለት መጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አለኝ።

«አንቺ ነሽ» አለኝ። «ሁለቱንም ይዤ ቀረሁ። ይኸው፣ ሁለቱም አሉ!» ብሎ ጎኑን በሁለት እጁ መታ። «ደስ ይበልሽ።»

እትዬ ከድጃ «ተው፣ አንዋር» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ጠንክሮ አልወጣም። ሴቶቹ ዘንድ ሄጄ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ደርሶ ወዲያው መውጣት ነውር ስለሆነ ብቻ ነው የተቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልሠራሁም፣ ጡረታዬ ደረሰ። አሁን ቅጾቹ ተስተካክለዋል፣ «የቤተሰብ የጤና ታሪክ» ነው የሚሉት፣ ልጆቹም በታብሌት ነው የሚሞሉት። «ኩላሊት?» ይላሉ፣ ሰውየው «የለም» ይላል፣ በጣታቸው ነክተው ያልፋሉ። እኔን የሚጠይቀኝ የለም፣ ብጠየቅም እቆጣለሁ።

አንዋር ሰበታ ያለውን ሱቅ እንደገና አቁሞታል፣ አግብቶ ወልዷል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቱን ያዞራል። እትዬ ከድጃ ግን አልራቁኝም፣ አንዳንዴ ይደውሉልኛል። አንዋር በየጊዜው እንደሚመረመር፣ እስከ ዛሬ ስኳር እንዳልተገኘበት፣ ሽንቱም ንጹሕ እንደሆነ ይነግሩኛል። «ንጹሕ ነው አሉት» ሲሉኝ ደስታና ወቀሳ አንድ ላይ ይመጡብኛል። የሚሉኝ ይገባኛል፤ ይህ ልጅ ጤነኛ ከሆነ ያኛው ልጄ በከንቱ ነው የሞተው ማለታቸው ነው።

እውነቷን ነበር ለመባል አንድ መንገድ ብቻ ነው የቀረኝ፤ አንዋር መታመም አለበት። «አልሐምዱሊላህ» እላቸዋለሁ፣ እኔ ክርስቲያኗ፣ ከልቤ ነው የምለው። ተሳስቼ ልሙት። እሱም እየጠላኝ ያርጅ።